ኅብረተሰብን ለመረዳት ከሰልፍ ጀምሩ

ሶሲዮሎጂ አስተምራለሁ። አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ “ኅብረተሰብ ማለት...” ብዬ ትርጉም አላስጽፍም። ሰልፍ ያለበት ቦታ ሄደው ግማሽ ሰዓት እንዲቆሙ እልካቸዋለሁ። እናንተም ከዚያው ጀምሩ።

መጀመሪያ ያልተጻፈውን ደንብ ፈልጉ። ደንብ ሲከበር ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ሲጣስ ነው የሚታየው። አንዴ ሐኪም ቤት ካርድ ለማውጣት ተሰልፌ፣ አንድ ወጣት ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ መሃል ገባ። ማንም አልተናገረውም። ከኋላው የቆሙት ሴትዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከፊቱ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ልጁ ቀና አለ፣ አፈረ፣ ኋላ ሄዶ ተሰለፈ። ዘበኛ አልተጠራም። ያቺ ጉሮሮ ጠረጋ ቅጣት ናት። ደንብን አጽንቶ የሚያቆየው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ቅጣት ነው። ስትጽፉ ታዲያ “ባለጌ ልጅ” አትበሉ። ማን ምን አደረገ፣ ሌላው ምን መለሰ፤ እሱን ብቻ።

ቀጥሎ ሚና። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሀሮልድ ጋርፊንክል ተማሪዎቹን በገዛ ቤታቸው ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እንደ ተከራይ እንዲሆኑ አዘዛቸው። ትሑት፣ ቁጥብ፣ ሲጠየቁ ብቻ የሚመልሱ። ቤተሰቦቻቸው ደነገጡ፤ የተቆጡም፣ ታማችሁ ነው ወይ ያሉም ነበሩ። ልጅ መሆንም ሚና ነው፣ ሌሎች የሚጠብቁት። (እናንተ ግን እቤታችሁ አትሞክሩት፤ ሰው ማስጨነቅ ነው።)

ተቋም ላይ ብዙ አትቆዩ። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ነገ ብትቀየር ካርዱም ሰልፉም ይቀጥላል፤ ተቋም ማለት ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ሶሲዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1895 አጥብቆ የተናገረው ይህንን ነው፦ ከእያንዳንዳችን ውጭ ሆኖ እኛን የሚያስገድደን ነገር አለ።

አሁን የማይሰለፉትን ፈልጉ። ለእኔ ዋናው ይህ ነው። የዚያን ቀን ትኩሳት ያለበት ሕፃን የታቀፈች እናት መጣች፤ ሰልፉ ራሱ መንገድ ከፈተላት። ትንሽ ቆይቶ በጎን በር አንድ ሰው ገባ፤ ሳይጠየቅ ካርዱን ይዞ ወጣ። ሴትዮዋ እንደገና ጉሮሯቸውን አልጠረጉም። መሬት መሬት አዩ። ለእናቲቱ የተሰጠው ስምምነት ነው። ለሰውየው የተሰጠው ዝምታ ግን ሥልጣን ነው። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱን በተለያየ ገጽ ጻፉ።