የጨረታ መዝጊያ ሰዓት ችግሬን እንዴት እንደፈታሁት

ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ። ከካሊፎርኒያ በኦንላይን ጨረታ የወጣ ሌንስ አምልጦኝ በጣም ቆጭቶኛል። «ማክሰኞ 8፡00 ማታ ይዘጋል» ይላል፤ እኔ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት መስሎኝ ነቅቼ የመጨረሻ ዋጋዬን ሰጥቼ ተኛሁ። 8፡00 የተባለው ግን የካሊፎርኒያ ሰዓት ነበር፤ ጨረታው የተዘጋው በእኛ ረቡዕ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ስተኛ ሌላ ሰው በለጠኝ።

መፍትሔው፦ የእኛ ሰዓት ከዩቲሲ (የዓለም የሰዓት መነሻ) 3 ሰዓት ይቀድማል፣ ዓመቱን ሙሉም አይቀየርም። የካሊፎርኒያ ግን ይቀየራል፤ ይሄም ያደናግራል። ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ 10 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ በቀሪው ጊዜ 11። ስለዚህ ያው 8፡00 በዲሴምበር ጠዋት 1 ሰዓት ይሆናል። አሁን ስልኬ ላይ የሎስ አንጀለስን ሰዓት ጨምሬ፣ ማንቂያውን ከመዝጊያው 15 ደቂቃ በፊት እሞላለሁ። ሁለተኛዋን ሌንስ አገኘኋት።