በግማሽ ኪሎ ሽምብራ የሜዲትራኒያን ገበታ እንዴት ይዘጋጃል

አራት ኪሎ ያለው ቤቴ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሙስ (ከሽምብራና ከሰሊጥ የሚፈጭ ማባያ) የሠራሁ ቀን ጎረቤቴ እትዬ በማንኪያ ጫፍ ቀመሱና «ልጄ፣ ይኼማ ቡና ቡና ይላል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰሊጡን የፈጨሁት በቡና መፍጫ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ጣዕሙ ሲስተካከል ደግሞ «ታዲያ ይኼ ከጾም በያይነቱ በምን ተለየ?» ብለው ጠየቁ። ብዙም አልተለየም። አንሰል ኪስ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀመሩት የሰባት አገሮች ጥናት ከተካተቱት ቦታዎች አንዷ የግሪክ ደሴት ቀርጤስ ናት። የልብ ሕመም ጥቂት ሆኖ የተገኘባት የዚያች ደሴት ገበሬ የሚበላው ዳቦ፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና የወይራ ዘይት ነበር፤ ሥጋው ጥቂት ነው። የሜዲትራኒያን ገበታ የሚባለው ይኼው ነው። የእኛን የጾም ማዕድ ለለመደ ሰው አዲስ የሚሆንበት ዘይቱና አጨማመሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ገንዘብዎን በዘይቱ ላይ ያውጡ። ሌላው ሁሉ ከሰፈር ጉልት ይገኛል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ እኔ ለቲማቲምና ለኪያር ከሰፈር አልወጣም፤ ሽምብራና ሰሊጥ ግን መርካቶ እህል በረንዳ ድረስ ሄጄ እገዛለሁ። ዘይቱ ኤክስትራ ቨርጂን የሚል፣ ጠርሙሱ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ቀኑም ያላለፈ ይሁን። ብርሃንና ሙቀት ስለሚያበላሹት ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት። (ወተት መያዣ የምናጥንበት የእኛ ወይራ የዚያው ዛፍ ዘመድ ነው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ እንጂ ዘይቱን ከደጃችን እንጨምቅ ነበር።)

ከዋዜማው ማታ ይጀምሩ። ለሽሮ የሚሆነውን ቡናማውን ሳይሆን ትልልቁን ነጭ ሽምብራ ግማሽ ኪሎ ይውሰዱ፤ ጠጠሩን ለቅመው፣ አጥበው፣ ሦስት እጥፍ ውኃና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረው ይዘፍዝፉት። ሶዳው ልጣጩን ያላላል። ጠዋት ውኃውን ደፍተው በአዲስ ውኃ ይቀቅሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። የውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ «አንድ ሰዓት» ሲል የሚያስበው ባሕር ዳርቻ ያለውን ወጥ ቤት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በተራ ድስት ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፕሬዠር ድስት ካለዎት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ሲጫኗት እንደ ቅቤ ከፈረሰች በስሏል። የተቀቀለበትን ውኃ አይድፉት።

ከዚህ ድስት ስድስት ኩባያ ገደማ ይወጣል። ሁለቱን ለሥራ ቀን፣ ሁለቱን ለሁሙስ፣ ሁለቱን ለሰላጣ ይመድቡ። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል።

የሥራ ቀኑ ቀላል ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጥቂት ዘይት ያቁላሉ፣ ሁለት ቲማቲምና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን ይጨምሩ፣ ከዚያ ሽምብራውን ከነጥቂት ውኃው፣ በመጨረሻም የተከተፈ አንድ እስር ቆስጣ። ሩብ ሰዓት። ካወረዱት በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጥሬውን ያፍስሱበት። ያ የመጨረሻው ማንኪያ ከተረሳ የበሉት የተለመደውን የጾም ወጥ ነው።

ለሁሙሱ መጀመሪያ ታሂኒ፣ ማለትም የተፈጨ ሰሊጥ፣ ያስፈልጋል። በመደብር ውድ ነው፤ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ ባለበት አገር ደግሞ መግዛቱ ያሳፍራል። አንድ ኩባያ ሰሊጥ በለዘብተኛ እሳት ያምሱ፤ ሽታው እንደወጣ፣ ሳይቀላ ያውርዱት፣ ከቀላ ይመራል። በጁስ መፍጫ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እየጨመሩ እስኪፈስ ድረስ ይፍጩት። (በቡና መፍጫ አይሆንም፤ ምክንያቱን እትዬ ተናግረዋል።) ከዚህ ግማሽ ኩባያ ወስደው ከሦስት ወይም አራት ሎሚ ጭማቂ፣ ከሁለት ፍሬ የተላጠ ነጭ ሽንኩርትና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ብቻውን ይምቱ። ሲነጣ ሽምብራውን ይጨምሩ፤ የቀዘቀዘ ውኃ በማንኪያ በማንኪያ እያስገቡ አምስት ደቂቃ ያህል ይፍጩ። ሰው ቶሎ ያቆማል፤ እርስዎ አያቁሙ። ልስላሴው የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ነው።

ሰላጣው በቅንጬ ይሠራል። የሊባኖሶቹ ቡልጉር (የተከካ ስንዴ) አስቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ ሙቅ ውኃ ብቻ ይበቃዋል፤ የእኛ ቅንጬ ግን ጥሬ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ቀቅለው፣ አጥልለው ያቀዝቅዙት። አንድ ኩባያ ቅንጬ፣ ሁለት እስር የድንብላል ቅጠል፣ ጥቂት ናና፣ ቲማቲም፣ ኪያር፣ ሽምብራው፣ ሎሚ፣ ዘይት። ቅጠሉ ከእህሉ ይብዛ።

እንግዳ የሚመጣ ዕለት ቡና ካፈሉ በኋላ ፍሙን አይበትኑት። ሁለት ደበርጃን ላዩ ላይ ጣል አድርገው ቆዳው እስኪከስል ያገላብጡ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሆዱን ፈልፍለው ከተረፈው ታሂኒ፣ ከሎሚና ከጨው ጋር በሹካ ይደቁሱት። ጢሱ ውስጡ ይቀራል፤ በኦቭን ያንን አያገኙም።

አቀራረቡን ከበያይነቱ ይውሰዱ፦ ሁሉም በአንድ ሰፊ ትሪ፣ ሁሙሱ መሃል ላይ በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ ተደርጎ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት። ዙሪያውን ደበርጃኑና ሰላጣው፣ ጎን ለጎን የተቆረሰ ድፎ ዳቦ። የማይጾም እንግዳ ካለ ጨው የገባበት የተጠለለ እርጎ፣ እንዲሁም በሎሚና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ለብቻ ሳህን ያቅርቡ፤ ጾመኛው ትሪውን በሙሉ ሳይጠራጠር እንዲበላ።