የዌብሳይታችሁ ቢልድ ሲከሽፍ ስህተቱን እንዴት ታገኙታላችሁ?

ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ፑሽ አደረጋችሁ፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ላካችሁ። ትንሽ ቆይቶ ቀይ ምልክት መጣ። ቢልዱ፣ ማለትም ሳይቱን ከፋይሎቻችሁ የመገንባቱ ሥራ፣ ከሽፏል። ሎጉን፣ የሥራውን መዝገብ፣ ስትከፍቱት ደግሞ መስመሩ ማለቂያ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የመጨረሻውን መስመር ኮፒ አድርጎ ጉግል ላይ ይለጥፋል። ያ መስመር ግን ብዙውን ጊዜ «ሥራው አልተሳካም» ከማለት ውጪ የሚናገረው ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ተረጋጉ። ጄኪል፣ ሁጎ፣ ኢለቨንቲ ወይም አስትሮ የሚባሉት የስታቲክ ሳይት መሥሪያዎች የሚሠሩት አንድ ዓይነት ሥራ ነው። የጻፋችሁትን የማርክዳውን ፋይል ከቴምፕሌቱ ጋር አዋህደው፣ ጎብኚ ከመምጣቱ በፊት ኤችቲኤምኤል ያወጣሉ። ሳይቱን በሚያስተናግዱት ጊትሀብ ፔጅስ፣ ኔትሊፋይ ወይም ክላውድፍሌር ፔጅስ ላይ ቢልድ ሲከሽፍ አዲሱ አይወጣም እንጂ የድሮው ሳይት አይጠፋም። ጎብኚዎቻችሁ ትናንት ያዩትን ዛሬም ያያሉ። ስለዚህ በጥድፊያ የሚነካካ ነገር የለም።

ሎጉን ከላይ ወደ ታች አንብቡት

ሎጉ ያለው ጊትሀብ ላይ «አክሽንስ» በሚለው ገጽ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ጋ ደግሞ የዲፕሎይመንት ዝርዝር ውስጥ የከሸፈውን ስትነኩ ይከፈታል።

ሲከፈት ኮንትሮልና ኤፍ ተጫኑና «ኤረር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፈልጉ። የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ኤረር ነው። አንድ ፋይል ሲበላሽ እሱን የሚጠሩት ሁሉ ተከታትለው ይወድቃሉ፤ ከታች ያሉት ሃያ ኤረሮች የአንዱ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። የላይኛውን ስታስተካክሉ የታችኞቹ አብረው ይጠፋሉ። «ወርኒንግ» የሚሉትን ለጊዜው እለፏቸው። ወርኒንግ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቢልድ አያቆምም።

ቀጥሎ ስህተቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተከሰተ እዩ። ሰርቨሩ መጀመሪያ ኮዱን ያወርዳል፣ ከዚያ ፓኬጆችን (ለቢልዱ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች) ይጭናል፣ ከዚያ ቢልድ ያደርጋል፣ በመጨረሻ ፋይሎቹን ያሰራጫል። ፓኬጅ ሲጭን ከወደቀ ጽሑፋችሁን ብትመረምሩ በከንቱ ነው፣ ሰርቨሩ ገና አላነበበውም።

የመጨረሻው መስመር የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኤግዚት ኮዱን፣ ሥራው እንዴት እንዳለቀ የሚናገረውን ቁጥር፣ ለማየት። 0 ከሆነ ተሳክቷል። 1 ምክንያቱን ያልለየ ውድቀት ነው። 127 ካያችሁ ኮማንዱ አልተገኘም ማለት ነው፤ ወይ ስሙ ተሳስቷል ወይ መሣሪያው አልተጫነም። 137 ደግሞ ሥራው በኃይል እንደተቋረጠ ይናገራል። ሰበቡ ባብዛኛው የሜሞሪ ማለቅ ነው፣ በተለይ ትልልቅ ፎቶዎችን የሚያሳንስ ቢልድ ላይ።

ፋይሉን፣ መስመሩንና ቅሬታውን ለዩ

ጥሩ የኤረር መልእክት ሦስት ነገር ይይዛል፦ የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥር፣ ማሽኑ የተቸገረበትን ነገር። ሦስቱን ወረቀት ላይ ጻፏቸው። ሎጉ ውስጥ የተበታተነው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ግማሹ ችግር ይቀላል።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። የመስመሩ ቁጥር ማሽኑ ግራ የተጋባበት ቦታ እንጂ እናንተ የተሳሳታችሁበት ቦታ ላይሆን ይችላል። 10ኛው መስመር ላይ የከፈታችሁትን ቅንፍ ወይም ታግ ሳትዘጉ ከቀራችሁ፣ ማሽኑ መዝጊያውን እየጠበቀ እስከ ፋይሉ መጨረሻ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ 90ኛው መስመር ላይ «አልገባኝም» ይላል። 90ኛው መስመር ምንም አላጠፋም። ስለዚህ የተጠቆመውን መስመር እዩ፣ ደህና ከመሰላችሁ ወደ ላይ ውጡ።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። ከጽሑፉ በላይ፣ በሦስት ሰረዞች መካከል የሚጻፈው ክፍል ፍሮንት ማተር ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ያምል በሚባለው የአጻጻፍ ሕግ ነው። ርዕሱን እንዲህ ጻፋችሁ እንበል፦

ታይትል: የጉዞ ማስታወሻ: ክፍል 2

ለሰው ግልጽ ነው። ያምል ግን ኮሎንና ክፍት ቦታ ሲያይ «ከግራ ያለው ስም ነው፣ ከቀኝ ያለው ዋጋ ነው» ብሎ ይረዳል። አንድ መስመር ላይ ሁለተኛ ኮሎን ሲያገኝ እዚህ ቦታ ሌላ ስምና ዋጋ አይፈቀድም ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ርዕሱን ሙሉውን በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ነው። ጥቅሱ ቀጥ ያለው ይሁን። ከወርድ ኮፒ ሲደረግ የሚመጣው ጠመዝማዛ ጥቅስ ለያምል ተራ ፊደል ነው። መስመሩን ወደ ውስጥ ለማስገባት ደግሞ ስፔስ እንጂ ታብ አትጠቀሙ፤ ያምል ለዚህ ታብን አይቀበልም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጠፋ የኮሎኑን ቁልፍ ስትነኩ የሚመጣው የእኛው ሁለት ነጥብ «፡» ሊሆን ይችላል። ከእንግሊዝኛው «:» ጋር ለዓይን መንታ ናቸው። ለማሽኑ ግን ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ያምል «፡»ን እንደ ማንኛውም ፊደል ያነበውና መስመሩን ከሚቀጥለው ጋር አያይዞ ይሄዳል። ከዚያ በሚቀጥለው መስመር ላይ እውነተኛው ኮሎን ሲመጣ ይጮኻል። ስህተቱ 2ኛው መስመር ላይ ሆኖ ሎጉ 3ኛውን የሚጠቁመው ለዚህ ነው። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ምሽት ሙሉ ቀኑ የተጻፈበትን መስመር ስሰርዝና ስጽፍ አምሽቻለሁ፤ ጥፋቱ ከላዩ ነበር። አሁን እንዲህ ሲሆን ኤዲተሩ ላይ የእንግሊዝኛውን ኮሎን ፈልግ እለዋለሁ። ያልደመቀ ሁለት ነጥብ ካለ ተገኘ ማለት ነው።

ቢልዱን ኮምፒውተራችሁ ላይ ድገሙት

አንድ ቃል ቀይሮ ፑሽ ማድረግ፣ መጠበቅ፣ ደግሞ መቀየር... ይህ ጊዜ ይበላል። ሰርቨሩ የሚያሂደውን ኮማንድ ከሎጉ ላይ ውሰዱና ተርሚናላችሁ ላይ እሱኑ አሂዱ። ስህተቱ እዚያም ከመጣ መልሱ በእጃችሁ ነው።

«እኔ ጋ ይሠራል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን እምቢ አለ» የሚባለው ሁኔታ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የፊደል ትልቅና ትንሽነትን ነው። ዊንዶውስና ማክ እንደ ነባሪ አቀማመጣቸው ሎጎ የሚለውን የፎቶ ስም በትልቅም ጻፉት በትንሽ አንድ ፋይል አድርገው ያዩታል። ቢልዱ የሚካሄድበት ሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ይላል፣ ከዚያ «አልተገኘም» ይመጣል። የፋይሉን ስም ስታስተካክሉ በጊት ኤምቪ (git mv) ኮማንድ አድርጉት። አለዚያ የፋይሎቹን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ይህን ላያስተውለው ይችላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቨርዥን ነው። ለምሳሌ ሩቢ 3.0 በ2020 ዲሴምበር ላይ ሲወጣ ዌብሪክ የሚባለው ትንሽ ሰርቨር አብሮት መምጣቱ ቀረ። በዚያ ጊዜ የነበረው ጄኪል ሳይቱን ኮምፒውተር ላይ ሊያሳይ ሲል «ዌብሪክን መጫን አልቻልኩም» ይል ጀመር። ጸሐፊው አንድ ፊደል እንኳ አልቀየረም ነበር። ስለዚህ የኖድ ወይም የሩቢ ቨርዥናችሁን ፕሮጀክቱ ውስጥ በግልጽ ጻፉት። የፓኬጆቹን ትክክለኛ ቨርዥን የሚይዘውን ሎክ ፋይልም ኮሚት አድርጉት፣ ማለትም ጊት ውስጥ መዝግቡት።

ፍንጭ ከሌለ ለሁለት ክፈሉት

መልእክቱ ምንም የማይናገር ከሆነ መጨረሻ የሠራውን ኮሚት አስታውሱ። ጊት ባይሴክት የሚባለው ኮማንድ በሚሠራውና በማይሠራው መካከል ያለውን ታሪክ እየከፈለ ይወስዳችኋል። መቶ ኮሚት ቢኖር ሰባት ሙከራ ይበቃል። ጊት ካልተጠቀማችሁም ያው ነው፦ ግማሹን ጽሑፍ ለጊዜው ወደ ሌላ ፎልደር አውጡና ሞክሩ።

አረንጓዴ ሆኖ ገጹ ከሌለስ?

ይሄኛው ይበልጥ ያደክማል፣ ምክንያቱም ሎጉ ዝም ይላል። ጽሑፉ «ድራፍት» (ረቂቅ) ተብሎ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ቀኑን እዩ። ሁጎም ሆነ ጄኪል የወደፊት ቀን ያለውን ጽሑፍ ካልታዘዙ አያወጡም። የቢልድ ሰርቨር ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው። የእናንተ ሰዓት ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ከቀደመና ጽሑፉ ላይ የሰዓት ክልሉን ካልጻፋችሁ፣ «አሁን» ያላችሁት ለሰርቨሩ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። ሰዓቱ ቢደርስም ጽሑፉ በራሱ አይወጣም፣ ስታቲክ ነውና ሌላ ቢልድ ይፈልጋል።

ጄኪል ላይ ሌላም ዝምታ አለ። የፍሮንት ማተር ስህተት ሲያገኝ ሎጉ ላይ ጽፎት ቢልዱን ይቀጥላል። ስለዚህ አረንጓዴ ምልክት እያያችሁም ሎጉን መክፈት አለባችሁ። ከዚህ የሚያድነው ኮንፊጉ (የሳይቱ ቅንብር ፋይል) ውስጥ «ስትሪክት ፍሮንት ማተር» የሚለውን ማብራት ነው። እኔ ሁሉም ቢያበራው ደስ ይለኛል።

ገጹ ወጥቶ መልኩ ከተበላሸ ብራውዘሩ ላይ ኤፍ 12 ተጫኑና «ኔትወርክ» ውስጥ 404 (አልተገኘም) ያለውን ፈልጉ። ያልተገኘው ሲኤስኤሱ፣ የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል፣ ከሆነ ኮንፊጉ ላይ የጻፋችሁት የሳይቱ አድራሻ ትክክል አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። ጊትሀብ ፔጅስን ከብራንች ላይ በቀጥታ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጄኪል በአንደርስኮር የሚጀምሩ ፎልደሮችን እንደሚዘል አትርሱ። ነጥብ ኖጄኪል (.nojekyll) የሚባል ባዶ ፋይል በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ላይ ስታስቀምጡ ጊትሀብ ጄኪልን ጭራሽ ስለማያሂደው መዝለሉ ይቀራል።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ሰው መጠየቅ ካስፈለገ የመጀመሪያውን ኤረር ከበላዩ ካሉት አሥር መስመሮች ጋር ላኩ። የመሣሪያውን ቨርዥንና ያሄዳችሁትን ኮማንድ ጨምሩበት። በስክሪንሾት ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፣ የሚረዳችሁ ሰው ኮፒ አድርጎ መፈለግ እንዲችል። ከመላካችሁ በፊት ግን ሎጉ ውስጥ የኤፒአይ ቁልፍ ወይም ፓስወርድ እንዳልቀረ አንዴ አጣሩ።