ሲዲ ሲገባ ኮምፒውተሩ ያልተፈለገ ነገር ሲሠራ፦ ችግርና መፍትሄ

ሲዲ ወይም ዲቪዲ ሲገባ ዊንዶውስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው አውቶፕሌይ ነው። ብዙ ሰው ግን ማስተካከያውን የሚፈልገው በሌለበት ቦታ ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ሴቲንግስ ውስጥ ያለው የአውቶፕሌይ ገጽ የሚያስተካክለው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድን ነው፤ የሲዲው ዝርዝር አሁንም ያለው በድሮው ኮንትሮል ፓነል ነው።

ሲዲው እንደገባ ያልተፈለገ ፕሮግራም ይከፈታል

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀደም ሲል በብቅ ባይ መስኮት ላይ የተመረጠ ነገር ነው፤ ዊንዶውስ ያንን ይዞ ይደጋግመዋል። አዲስ የተጫነ ማጫወቻም ራሱን ተመራጭ አድርጎ ሊሆን ይችላል።

ኮንትሮል ፓነልን ይክፈቱ፤ ቪው ባይ የሚለውን ወደ ላርጅ አይከንስ ቀይረው አውቶፕሌይን ይጫኑ። ዝርዝሩ በይዘት የተከፋፈለ ነው፦ ኦዲዮ ሲዲ፣ ዲቪዲ ሙቪ፣ ሶፍትዌር፣ ብላንክ ሲዲ እያለ ይቀጥላል። አንዱን መቀየር ሌላውን አይነካም፤ የሙዚቃው ተስተካክሎ የፊልሙ እንደነበረ የሚቀረው ለዚህ ነው። ቴክ ኖ አክሽን ከተመረጠ ምንም አይከፈትም፤ አስክ ሚ ኤቭሪ ታይም ከተመረጠ በየጊዜው ይጠይቃል። ሲጨርሱ ከታች ያለውን ሴቭ ይጫኑ፤ አለዚያ ለውጡ አይያዝም።

ሶፍትዌር በሚለው ላይ ግን ከሁለቱ አንዱን እንጂ ፕሮግራሙን በቀጥታ የሚያስነሳውን አይምረጡ። በሲዲው ላይ ያለች አውቶረን የምትባል ትንሽ ፋይል የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ ለዊንዶውስ ትናገራለች። ቫይረስ በዚህ መንገድ ይሰራጭ ስለነበር ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ለፍላሽ ተዘግቷል፤ ለሲዲ ግን አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲዎች ድብቅ ሶፍትዌር ሲጭኑ የተገኙት በዚሁ በር ገብተው ነው።

ሲዲው ሲገባ ምንም አይመጣም

መጀመሪያ ዲስ ፒሲን ከፍተው ሲዲውን በእጅ ይክፈቱት። ካልተከፈተ ጉዳዩ የአውቶፕሌይ አይደለም፤ ሌላ ሲዲ ይሞክሩ፣ የመጀመሪያውንም በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ይጥረጉት፤ እያዞሩ መጥረግ ጭረቱን በመረጃው አቅጣጫ ያደርገዋል። በእጅ ከተከፈተ ግን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ፦

1. በዚያው የአውቶፕሌይ ገጽ አናት ላይ ዩዝ አውቶፕሌይ ፎር ኦል ሚዲያ ኤንድ ዲቫይስስ የሚለው ሳጥን ምልክት አለው?
2. ተመርጦ የነበረው ማጫወቻ ከኮምፒውተሩ ተሰርዞ ከሆነ ከገጹ ግርጌ ሪሴት ኦል ዲፎልትስን ይጫኑ።
3. ሰርቪስስን (ከጀርባ የሚሠሩ የዊንዶውስ አገልግሎቶች ዝርዝርን) ከፍተው ሼል ሃርድዌር ዲቴክሽን እየሠራ መሆኑን ይዩ። ስታርትአፕ ታይፑ አውቶማቲክ መሆን አለበት።
4. የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ አስተዳዳሪው ግሩፕ ፖሊሲ በሚባለው የዊንዶውስ ደንብ ማውጫ ዘግቶት ይሆናል። የግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር በሆም እትም ላይ የለም፤ እዚያ በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ኤዲተር ኖድራይቭታይፕአውቶረን የሚለውን ዋጋ ይፈልጉ። ቁጥሩ የድምር ውጤት ነው፤ የሲዲው ድርሻ 32 ነው። 255 ሁሉንም ይዘጋል፤ 145 ግን 128፣ 16 እና 1 ተደምረው ስለሆነ ሲዲን አይነካም። ዴሲማል የሚለውን መርጠው 145 ይጻፉ፤ ሬጅስትሪውን ከመንካትዎ በፊት ቅጂ ያስቀምጡ።

ሲዲው ተቀይሮ የድሮው ፋይል ይታያል

ይህ ከላይኛው ጋር አብሮ ከመጣ ምክንያቱ ታውቋል ማለት ይቻላል፤ ድራይቩ ሲዲ መቀየሩን ለዊንዶውስ እያሳወቀ አይደለም። ለጊዜው ኤፍ5 መጫን ያድሰዋል። ዘላቂው መፍትሄ በሬጅስትሪው ሎካል ማሽን ሥር፣ ሲስተም፣ ከረንትኮንትሮልሴት፣ ሰርቪስስ፣ ሲዲሮም ድረስ ገብቶ አውቶረን የሚለውን ከ0 ወደ 1 መቀየርና ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ነው።

የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻው ይከፈታል፣ ፊልሙ ግን አይጫወትም

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዲቪዲ የማጫወት አቅም አብሮ አይመጣም። ነፃ የሆነውን ቪኤልሲ የተባለ ማጫወቻ ይጫኑና በአውቶፕሌይ ዝርዝር ዲቪዲ ሙቪ ላይ እሱን ይምረጡ።

በማክ ላይ ሲዲስ ኤንድ ዲቪዲስ የሚለው ማስተካከያ ከሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ከጠፋ መጀመሪያ ድራይቩን ይሰኩት፤ ካልተሰካ አይታይም።