የአረጋውያንን የሳንባ ምች በጂን ሲተነብዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሳንባ ምች የያዛቸው አረጋዊ አንዳንድ ጊዜ ትኩሳትም ሳልም አይታይባቸውም፤ ይወድቃሉ፣ ወይም የልጃቸውን ስም ይስታሉ። ሕመሙ እንዲህ ስለሚሸሸግ፣ በደማቸው ያለውን አር ኤን ኤ (ጂኖች ሲሠሩ የሚያወጡትን የመልእክት ቅጂ) ለክቶ የትኞቹ ጂኖች እንደበረቱ፣ የትኞቹ እንደደከሙ አይቶ «እኚህ ያሰጋሉ» ማለት ያጓጓል። ችግሩ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ኮምፒውተሩ ሳይከፈት፣ ደም ሲቀዳ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ቱቦ ውስጥ ሆነውም የጂኖቻቸውን ሥራ ይለዋውጣሉ። አር ኤን ኤውን ሳይፈርስ የሚያቆይ ፈሳሽ በሌለበት ቱቦ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ደም፣ ስለ ጠረጴዛው ነው የሚመሰክረው። ሌሊት የሚገቡት የባሰባቸው ከሆኑና ደማቸው እስኪነጋ ከቆየ፣ ሞትን የሚተነብይ የሚመስል ጂን ይገኛል፤ የተገኘው ግን የላቦራቶሪው የሥራ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የሴሎችን ድርሻ መርሳት ነው። ባክቴሪያ ሲገባ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ይጎርፋል፣ ሊምፎሳይት የተባለው ሌላው ይመነምናል። አንድ ጂን «ጨመረ» የተባለው ሴሎቹ ስለበዙ ብቻ ከሆነ፣ ተራው የደም ቆጠራ በርካሽ ይነግረን ነበር። ታካሚው የሰውነትን መከላከያ የሚያረግበውን ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነም ይጠየቅ፤ የብዙ ጂኖችን ሥራ ይለውጣል።

በጣም የሚያናድደኝ ሦስተኛው ነው። ሰው ወደ 20,000 የሚጠጉ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች አሉት፤ የተጠኑት ታካሚዎች ደግሞ 60 ብቻ ይሆናሉ። አንዳች እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ፣ በ0.05 መስፈርት (ከመቶ አምስት የአጋጣሚ ስህተትን በሚፈቅደው) ብቻ 1,000 ያህል ጂኖች በአጋጣሚ ይወጣሉ። ጂኖቹን ከሁሉም ታካሚዎች መርጦ፣ ከዚያ በእነዚያው ሰዎች መፈተን መልሱን አይቶ ፈተና እንደመግባት ነው። በሌላ ሆስፒታል ታካሚዎች ሲሞከር ይጋለጣል።

አዲሱን መለኪያ ከምንም ጋር አለማወዳደርም አለ። የሳንባ ምችን ክብደት የሚመዝነው «ከርብ-65» የተባለ ነባር ነጥብ አሰጣጥ ግራ መጋባትን፣ ዩሪያን፣ የትንፋሽ ፍጥነትን፣ የደም ግፊትንና ዕድሜን ብቻ ይዞ ይሠራል። ጂኖቹ ከ20 እስከ 90 ዓመት ባሉ ሰዎች ከተመረጡ፣ የተማሩት ዕድሜን ሊሆን ይችላል፤ እሱን ደግሞ ታካሚውን መጠየቅ ይበቃል።

ትንበያን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ማንበብ ሌላው አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የብሪታንያ ጥናት በሳንባ ምች ሳቢያ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የቀሰቀሰው፣ የሰውነትን ክፍሎች የሚጎዳ ሕመም) የያዛቸውን ሰዎች በጂኖቻቸው ሥራ ለሁለት ከፈለ፤ የሰውነት መከላከያቸው በደከመው ወገን ሞት በዛ። «እንግዲያው መከላከያን የሚያረግበው ሃይድሮኮርቲሶን ለሌላው ወገን ይበጃል» ማለት ይቀላል። በኋላ የአንድ የሴፕቲክ ሾክ (የደም ግፊትን አደገኛ በሆነ ደረጃ የሚያወርድ ሴፕሲስ) ሙከራ መረጃ ሲታይ ግን፣ መከላከያቸው በበረታው ላይ ከመድኃኒቱ ጋር የታየው ተጨማሪ ሞት ነበር።

ሞት ራሱስ? የ88 ዓመት እናት የመተንፈሻ መሣሪያ እንዳይደረግላቸው ከቤተሰቡ ጋር ተመክሮ ከተወሰነ፣ በሰንጠረዡ ላይ «ሞተች» ተብሎ የሚጻፈው ውሳኔውንም ይዞ ነው። ውሳኔው በራሱ ዓምድ ካልተመዘገበ፣ ጂኖቹ የዚያን ቤተሰብ ምክክር በበሽታው ስም ይማሩታል።