ካስኬድ ፖሊመሬን ሲያበላሽብኝ የነበረው ነገር

በካስኬድ፣ ማለትም አንዱ ምላሽ ሌላውን እያስከተለ በሚሄድበት መንገድ፣ ፖሊመር (ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) እሠራለሁ። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር ዛሬ ተፈታ፣ ሌላ ሰው እንዳይቸገር ልጻፈው።

ሞኖመሬ (የሰንሰለቱ መሥሪያ ትንሽ ሞለኪውል) አልካይን፣ ማለትም ሦስትዮሽ የካርቦን ትስስር፣ አለው፣ አጠገቡ ደግሞ ሳይክሎሄክሲን (አንድ ድርብ ትስስር ያለው ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበት)። ሦስተኛው ትውልድ የግራብስ ካታሊስት (ምላሹን የሚያካሂደው የሩቴኒየም ውህድ) መጀመሪያ አልካይኑን ይይዛል፣ ወዲያው ቀለበቱን ይከፍታል፣ በዚያው አዲስ ቀለበት ይዘጋና ወደ ቀጣዩ ሞኖመር ይሻገራል። ሳይክሎሄክሲን ቀለበቱ ውጥረት ስለሌለው ብቻውን በዚህ መንገድ ፖሊመር አይሆንም። በካስኬድ ግን እሺ ይላል! እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው።

ችግሩ የታየው ጂፒሲው (ሰንሰለቶችን በመጠናቸው የሚለየው መሣሪያ) በሚያወጣው ግራፍ ላይ ነበር። ጫፉ ሰፊ፣ ጎኑ ላይ ጉብታ፤ የሰንሰለቶቹ ርዝመት የተለያየ ነው ማለት ነው። ሞኖመሩን ደጋግሜ አጠራሁ፣ ሶልቨንት ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ በየደቂቃው ናሙና እያወጣሁ ሳይ ነው የገባኝ፦ ሞኖመሩ ሲያልቅ ካታሊስቱ ሥራ ይፈታና የሠራውን ሰንሰለት መልሶ መንካት ይጀምራል፣ የካታሊስቱ ገሚስም እዚያው ይሞታል።

ስለዚህ በክፍል ሙቀት መሥራቱን ትቼ ብልቃጡን በረዶ ውስጥ አስቀመጥኩት። 3,5-ዳይክሎሮፒሪዲንም ጨመርኩ፤ ላላ አድርጎ የሚይዝ ሊጋንድ (ከካታሊስቱ ብረት ጋር የሚጣበቅ ሞለኪውል) ስለሆነ ካታሊስቱ ቶሎ እንዳይፈርስ ይደግፈዋል። ሞኖመሩ እንዳለቀ ደግሞ ሳልዘገይ ምላሹን የሚያስቆመውን ኢታይል ቫይኒል ኢተር ጨመርኩ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም በፊት ምሳ በልቼ እስክመለስ ዝም ብዬ እተወው ነበር።

ጉብታው ጠፋ፣ ጫፉም ጠበበ። አሁን ሞኖመሩን ከካታሊስቱ አንጻር እጥፍ ሳደርገው የሰንሰለቱ ርዝመትም አብሮ እጥፍ ገደማ ይሆናል።