«ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታለፍ የመዋጥ ችግር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ባለው ደጋ ደረት ላይ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ «ጨጓራ» ይባላል። ሌሎቹን ስህተቶች የሚወልደውም ይኸው ስያሜ ነው። የምግብ ቧንቧ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ጉርሻውን በጡንቻው እየገፋ የሚያወርድ አካል እንጂ ምግብ ዝም ብሎ የሚንሸራተትበት ቱቦ አይደለም። በታችኛው ጫፉ ያለው የጡንቻ ቀለበት ሲላላ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመለስና ቃር ይሆናል፤ ቀለበቱ አልከፈት ሲል ግን ምግቡ እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው ስህተት እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ማዕድ ላይ አንድ ሰው ከጉርሻ ጉርሻ ውሃ ሲጎነጭ፣ ደረቱን ሲያሽ፣ አልወርድ ሲለውም ከመሶቡ ተነስቶ ሲቆም አይተው ይሆናል። ቆሎውና ዳቦው እየተያዘ አጥሚቱ በደህና የሚወርድ ከሆነ ቧንቧው ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ውሃውም ጭምር የሚያዝ ከሆነ ግን የእንቅስቃሴ መዛባት ይጠረጠራል። አካላዝያ በሚባለው ሕመም ቀለበቱን የሚያላሉት ነርቮች ስለሚጠፉ የተዋጠው ምግብ ከጨጓራ ሳይደርስ፣ ሳይፈጭ ይመለሳል። ቧንቧው ውስጥ የቆየው ምግብ ሲብላላ ደረትን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ በሽተኛው ቃር ነው ተብሎ ለዓመታት የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ሲውጥ ይኖራል። ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ቧንቧውን ከውስጥ የሚያሳየው ምርመራ (ኢንዶስኮፒ) ደህና ነው መባሉም ብቻውን አያሳርፍም፤ እንቅስቃሴውን የሚያሳዩት ባሪየም የተባለ ራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ ተጠጥቶ የሚነሳ ራጅና የቧንቧውን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ናቸው። የመዋጥ ችግር ክብደት መቀነስ፣ ደም ማስመለስ ወይም ጥቁር ሰገራ ከታከለበት ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ጉዳይ አይደለም።

ኦሜፕራዞልን ሲያቃጥል ብቻ፣ ያውም ከምግብ በኋላ መውሰድ ሌላው ስህተት ነው። መድኃኒቱ በሚገባ የሚሠራው ከቁርስ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲዋጥ ነው።

የደጋው ብርድ ደግሞ ራት ተበልቶ ወዲያው ባና ውስጥ መግባትን ያስለምዳል። በራትና በመኝታ መካከል ሦስት ሰዓት ያህል ማሳለፍ ይገባል። ትራስ መደራረብም (እኔም ደህና ዘዴ ይመስለኝ ነበር) ወገብን አጥፎ ሆድን ስለሚጨቁን ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ጡብ አኑሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ መደብ ላይ የሚተኛ ሰው ከፍራሹ ሥር ከራስጌ እስከ ወገብ በተዳፋት መልክ ድርብርብ ጨርቅ ቢያነጥፍ ያው ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሆድን መሙላት፣ በላዩም አረቄ መጨመር ቃርን ያባብሳል።

በመጨረሻ፣ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የመሰለ ካፕሱል በምራቅ ወይም በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ መተኛት ካፕሱሉ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ እንዲያቆስለው ያደርጋል። በሞላ ብርጭቆ ውሃ ይውጡት፤ ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ ይቆዩ።